«ተለወጠ» እና «ለወጡት»

«ሳይንስ እንዲህ ይላል» የሚለው ቃል ዛሬ የማይገባበት ቤት የለም። ቀድሞ «ሊቁ እንዲህ አሉ» የተባለ እንደ ሆነ ክርክር ያበቃ እንደነበረ፣ አሁንም «ሳይንቲስቶች ደረሱበት» ሲባል ብዙ ሰው አፉን ይዞ ይቀመጣል። ነገር ግን ሳይንስ አለ የተባለውን ሁሉ ሳይንስ አላለውም። ይልቁንም ሰው በጓዳ ቀስ ብሎ በሚያነሣውና በአደባባይ በሚያፍርበት ጉዳይ ላይ፣ ከሊቃውንቱ አንደበት ያልወጣ ብዙ ነገር በስማቸው ይነገራል። ዛሬ ጥቂት ቃል ልልበት የፈለግሁት ከዚህ ወገን ነው፤ ይኸውም የሰው የፍቅር ዝንባሌ፣ ማለት ወንድ ወደ ሴት፣ ሴት ወደ ወንድ፣ አንዳንዱም ወደ መሰሉ ጾታ የሚሳብበት ነገር ነው። ይህ ለእሑድ ጋዜጣ የሚገባ ጉዳይ አይደለም የሚሉ አንባብያን እንደማይጠፉ ዐውቃለሁ። ሆኖም በዚሁ ጉዳይ ምክንያት ልጅ ከቤት ይባረራል፣ ይደበደባል፣ ሳይወድ ይዳራል፤ ሰው የሚጎዳበትን ነገር በጨዋ ቃል ማንሣት ነውር አይመስለኝም። (ሕጋችንን ከምጠቅስበት ስፍራ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

በየቡና ቤቱና በየተማሪው ማደሪያ የሚሰማው ወሬ እንዲህ የሚል ነው፤ «የሰው ዝንባሌ እንደ ጥቁርና ነጭ ለሁለት የተቆረጠ አይደለም፤ በመካከሉ ብዙ ደረጃ አለ፤ በዕድሜም ውስጥ ሊለዋወጥ ይችላል።» ይህ በመሠረቱ ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ ግን አድማጩ በሁለት ይከፈላል። አንዱ «እንግዲያውስ ሁላችንም በመጠኑ እንዲያው ነን ማለት ነው» ብሎ ይሥቃል። ሌላው ደግሞ «የሚለዋወጥ ከሆነማ እንለውጠዋለን» ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል። የፊተኛው ከቀልድ አያልፍም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከተርብ ነው ብል አይሣቅብኝ። በአሜሪካን አገር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አልፍሬድ ኪንሲ የሚባሉ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበሩ። እኒህ ሰው የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል ያሳለፉት በዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ እብጠት የምታበጅ አንዲት ትንሽ ተርብ ሲሰበስቡና ክንፏን ሲለኩ ነው። ከዚያ ሁሉ ልኬት ያገኙት ትምህርት አንድ ነበር፤ በአንድ ስም የምትጠራው ተርብ እርስ በርሷ እጅግ የምትለያይ መሆኗን፣ ስሙን ያወጣው ሰው እንጂ ተርቧ አለመሆኗን አስተዋሉ። በ1938 ዩኒቨርሲቲያቸው ስለ ጋብቻ ትምህርት እንዲሰጥ ባደረገ ጊዜ ተማሪዎች የሚያቀርቡላቸው ጥያቄ በመጻሕፍት በቂ መልስ የሌለው ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ተርቡን ትተው ሰውን መጠየቅ ጀመሩ። በ1948 ከ5,300 ወንዶች፣ በ1953 ደግሞ ከ5,940 ሴቶች የተሰበሰበ ቃል ይዘው ሁለት ትላልቅ መጻሕፍት አወጡ።

በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸውን በዓለም ያስጠራ አንድ መለኪያ አለ። ከ0 እስከ 6 የተቆጠረ ሲሆን፣ 0 ማለት ዝንባሌው ፈጽሞ ወደ ተቃራኒው ጾታ ብቻ የሆነ ሰው፣ 6 ማለት ወደ መሰሉ ብቻ የሆነ ሰው ነው፤ የቀሩት ቁጥሮች በመካከል ያሉትን የሚይዙ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሰውን በሁለት በረት ብቻ መክፈል የለመደው የአሜሪካን ሕዝብ እጅግ ደነገጠ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከድንጋጤው ጥቂቱ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ኪንሲ የጠየቋቸው ሰዎች ብዙዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ፣ አንዳንዶቹም የወህኒ ቤት እስረኞች ስለነበሩ የመላውን ሕዝብ መልክ ሊያሳዩ አይችሉም። ይህንኑ ጉድለት በ1954 ሦስት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በዝርዝር ጽፈውበታል። ከዚያ ወዲህ በተሻለ ዘዴ የተደረጉት ቆጠራዎች ያሳዩት እጅግ የሚበዛው ሰው በ0 ወይም በአጠገቧ የሚገኝ መሆኑን ነው። ስለዚህ «ሁላችንም እንዲያው ነን» ለሚለው ቀልደኛ መልሱ ይኸው ነው። የቁጥሮቹ ብዛት ቢሻርም ዋናው አሳብ ግን አልተሻረም፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሰው አለ።

ይህን አሳብ የሰሜን ሸዋ ሰው ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ይነሣና ቀትር ላይ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ላቡን ሲጠርግ ይገኛል። ሲነሣ ደጋ ነበረ፤ ሲደርስ ቆላ ነው። ይሁን እንጂ «ደጋው ያለቀው በየትኛው ድንጋይ ላይ ነው?» ብሎ ቢጠየቅ ሊያሳይ አይችልም። ገብሱ ቀስ በቀስ ለጤፍ፣ ጤፉም ለማሽላ ስፍራውን ይለቃል። «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ» የሚለውን ስም ያወጣነው እኛ ነን፤ ስሙ ውሸት አይደለም፣ ይጠቅማልም፤ ነገር ግን በቁልቁለቱ ላይ የተሠራ አጥር የለም። ደግሞም አጥር የለም ማለት ደብረ ብርሃን ብርድ የለም ማለት አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ሰው በኅዳር ወር ሌሊት እዚያ አንድ ቀን ይደር።

ለብዙ ዓመታት ሊቃውንቱም የዝንባሌን ነገር እንደዚህ ቁልቁለት ነበር የሚያስቡት፤ አንድ መንገድ፣ ከላይ ወደ ታች። በኋላ ግን ይህም አልበቃ አለ። የአየርን ጠባይ የሚወስነው የቦታው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ፣ አፈሩ፣ ተራራው ለፀሐይ የሰጠው ፊት ሁሉ ይገባበታል። በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች፣ አንዱ እንደ ወፍ ዋሻ ደን ጭጋግ የለበሰ፣ ሁለተኛው ደረቅ ገደል ሆኖ እናገኛለን። የሰውም ነገር እንዲሁ ሆነ። በ1978 ፍሪትስ ክላይን የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው አይበቃም ብለው መሳሳብን፣ ድርጊትን፣ ምኞትን፣ የልብ ወዳጅነትንና ሰው ራሱን የሚጠራበትን ስም ለየብቻ መመዝገብ ጀመሩ። አንድ ሰው በአንዱ ከአንድ ወገን፣ በሌላው ከሌላ ወገን ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ጥናት ግን ከሩቅ እንደ መጣ ዜና ተሰንጥቆ የደረሰን የ2019ኙ ነው። ዜናው ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አንድ ጓደኛችን ርእሱን ብቻ በስልኩ ላይ አነበበልን፤ «የዝንባሌ ጂን የለም ተባለ!» ክፍሉ በሙሉ በጭብጨባ ጉዳዩን ዘጋው። «ጂን ከሌለ ልማድ ነው፤ ልማድ ከሆነ ይተዋል» ተባለ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ አልነበረም፤ መብራቱም ወዲያው ስለጠፋ ክርክሩ በጨለማ ቀረ።

ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው። አንድሬያ ጋና የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ይህ ሥራ የ477,522 ሰዎችን የዘር ቅንጣት የመረመረ ነው። ከመሰላቸው ጾታ ጋር ግንኙነት አድርገው ከሚያውቁና ከማያውቁ ሰዎች መካከል ልዩነት የታየባቸውን አምስት ስፍራዎች አገኙ። እነዚህ አምስቱ እያንዳንዳቸው የሚያመጡት ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። የተመረመሩት የዘር ልዩነቶች ሁሉ በአንድነት ሲደመሩ ግን በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 8 እስከ 25 ያህሉን ይገልጻሉ። እንግዲህ «አንድ ጂን የለም» ማለት «ብዙ ጂኖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ» ማለት ነው እንጂ «ምንም የለም» ማለት አይደለም። የሰው ቁመትም በአንድ ጂን አይወሰንም፤ ስለዚህ ቁመት ልማድ ነው የሚል አልሰማሁም። ከዚህም በቀር ሊቃውንቱ በዚያው ጽሑፍ ነገሩ ከ0 እስከ 6 በሚወርድ አንድ መሥመር ብቻ ሊለካ እንደማይችል አሳይተዋል፤ ሰውን ወደ መሰሉ ለመሳብ የሚያዘነብለው የዘር ነገርና የመሳቡን መጠን የሚወስነው አንድ ሆኖ አልተገኘምና። የተመረመሩት ሰዎች የኤውሮጳ ዘር ያላቸው መሆናቸውንም ደብቀው አላለፉም። የአንኮበርና የመንዝ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ አልገባም፤ ይህን ማስታወስ ለማጨብጨብም ለማዘንም ከመቸኮል ያድናል።

ከዘር ሌላ የታየም ነገር አለ። ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ሊቃውንት በ1996 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ወንድ ልጅ ከእርሱ በፊት ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድሞች በበዙለት ቁጥር ዝንባሌው ወደ መሰሉ የመሆኑ ዕድል በእያንዳንዱ ታላቅ ወንድም በሲሶ ያህል እንደሚጨምር ጻፉ። ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ ሲጨምርም ትንሽ ነው፤ አምስት ወንድ ልጅ የወለደች እናት የምትደነግጥበት ምክንያት የለም። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ቁም ነገር ነው። አብሮ ማደግ ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚታየው በአንድ ማኅፀን በተወለዱት ላይ ነው። በአገራችን አንድ ልጅ እንዲህ ሆነ የተባለ እንደ ሆነ ጎረቤት ሁሉ የሚፈርደው በእናቲቱ ላይ ነው፤ «አቀማጥላ አሳድጋው»፣ «ከሴቶች ጋር አውላው» ይባላል። ለዚህ ፍርድ እስከ ዛሬ የተገኘ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ በኛ ዘንድ የለም» የሚለው አነጋገር በጣም የተለመደ ነው። በ2007 ፒው የተባለው የአሜሪካን የጥናት ድርጅት በብዙ አገሮች ባደረገው መጠይቅ፣ ኅብረተሰቡ ይህን ነገር ሊቀበለው አይገባም ያሉት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 97 ነበሩ። ይህ የሕዝቡ አሳብ ነው፤ አሳቡን መቁጠርና ነገሩ መኖር አለመኖሩን መመርመር ግን ሁለት ሥራ ነው። በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። የወፍ ሊቃውንት በ1976 አገኟት፣ በ1979 ስም ሰጥተው በአንኮበር ስም መዘገቧት። ከ1976 በፊት በሊቃውንቱ መዝገብ «የለችም» ነበር፤ የአንኮበር እረኛ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያያት ኖሯል፤ ስለ እርሷ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ።

ቋንቋችንም ቢሆን ነገሩን ፈጽሞ አያውቀውም አይባልም። «ወንዳገረድ» እና «ሴታሴት» የሚሉት ቃላት ከውጭ የገቡ አይደሉም። ሳይመን ሜሲንግ የተባሉ አሜሪካዊ በ1957 ለፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደጋው አማራ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ በባላገሩ መካከል በወንድና በሴት ጠባይ መካከል ሆነው የሚኖሩ ሰዎችን ጠቅሰዋል፤ ሕዝቡ በፍጥረት የመጣ ጉድለት አድርጎ ይመለከታቸው እንደነበር ጽፈዋል። ይህ አመለካከት የሚያስመሰግን ባይሆንም ከዱላ ግን ይሻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሴታሴት» ስንል የምንናገረው ስለ አረማመድ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሥራ ምርጫ እንጂ ልቡ ወደ ማን እንደሚሳብ አይደለም። ሰሜን ሸዋ፣ ይልቁንም መንዝ፣ በወንድነት ነገር የታወቀ አገር ነው፤ ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባወጡት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ የመንዝን ሰው ኑሮ ጽፈዋል፤ በተከታዩም ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የወንድነት አስተሳሰብ ለብቻው ጽሑፍ አወጡ። ሮናልድ ሬሚኒክም እንደዚሁ በ1973 የዶክትሬት ሥራቸው ያደረጉት የመንዝን አማራ ሥልጣን፣ ወንድነትና ማኅበራዊ ኑሮ ነው። በዚህ ሚዛን ወንድ ማለት ብርድ የሚችል፣ መሬቱን የማያስነካ፣ ፊቱን የማያጥፍ ነው። ስለዚህ ገበሬው ቤት ውስጥ እሳት ዳር መቀመጥ የሚወድ ዝምተኛ ልጅ በከንቱ ይጠረጠራል፤ ሸልሎ፣ ፎክሮ፣ በፈረስ ጉግስ ተጫውቶ የሚመለሰውን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ሊቃውንቱ የሚመረምሩት ዝንባሌ በፉከራም በእሳት ዳርም አይታወቅም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የሆኑት ዶክተር ጌትነት ታደለ በ2010 እና በ2011 ባወጧቸው ጽሑፎች በመዲናይቱ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወንዶችን አነጋግረው የኑሯቸውን ሁኔታ ገልጸዋል። ከነዚህ ጽሑፎች የሚነበበው ደስታ ሳይሆን ጭንቀት ነው። ሰዎቹ ከቤተ ሰብ፣ ከወዳጅ፣ ከፈጣሪያቸውም ጋር በልባቸው ሲሟገቱ፣ ራሳቸውን በዚያው በተለመደው የወንድነት ሚዛን እየመዘኑ ራሳቸውን ቀለው ሲያገኙት ይታያሉ። በምሥጢር ስለሚኖሩም ስለ ኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው ትምህርት እነሱን ሳያስብ ያልፋቸዋል። ይህ ጥናት በአማርኛ ተናጋሪ የራሳችን ሊቅ፣ በራሳችን ከተማ የተሠራ ስለሆነ «የፈረንጅ ነው» ለማለት አይመችም።

እንግዲህ እጅጌውን ወደ ሰበሰበው ሰው ልምጣ። ይህ ሰው የሚጠቅሰው ሊዛ ዳይመንድ የተባሉትን የዩታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፤ ስማቸውን ባያውቅም ወሬው የመጣው ከእሳቸው ነው። ዳይመንድ በ1990ዎቹ መካከል 79 ወጣት ሴቶችን መርጠው ለ10 ዓመት በየጊዜው እየጠየቁ ተከተሏቸው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዝንባሌያቸውን የሚጠሩበትን ስም ለውጠዋል። በ2008 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጡት። ወዲያው «እነሆ፣ ይቀየራል!» የሚሉ ማኅበሮች ሥራቸውን ምስክር አድርገው ያዙት። ዳይመንድ ግን ራሳቸው በአደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። እሳቸው ያዩት በዘመን ውስጥ ሳይታሰብ የሚመጣ መንሸራተት ነው እንጂ፣ ሰው በፈቃዱ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ያመጣው አይደለም። ስማቸውን ከለወጡትም ብዙዎቹ የሄዱት ሰፋ ወዳለው ስም ነው፤ ዝንባሌያቸውን ከሥሩ ነቅለው የጣሉ አይደሉም።

አማርኛችን ለዚህ ልዩነት የተመቸ ነው። «ተለወጠ» እና «ለወጡት» አንድ አይደሉም። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ይለወጣል፤ ውርጭ ይወርዳል፣ የባቄላው አበባ ይቃጠላል። ገበሬው ግን አየሩን አይለውጠውም። «አየሩ የሚለዋወጥ ነውና ልምታው» ብሎ ዱላ ይዞ ወደ ማሳው የወጣ ገበሬ ቢኖር ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ይመልሱት ነበር።

ለመለወጥ ሳይሞከር ቀርቶም አይደለም። በኤውሮጳና በአሜሪካን አገር በኤሌክትሪክ፣ በሚያስመልስ መድኃኒት፣ በሆርሞን መርፌ ሁሉ ተሞክሯል። የዘመናዊውን ኮምፒዩተር መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1952 ተፈርዶባቸው ከእስር ይልቅ ይህን መርፌ ተቀበሉ፤ በ1954 በ41 ዓመታቸው ሞተው ተገኙ። የሁሉም ታሪክ ቢጻፍ ገጹ አይበቃም፤ ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የዶክተር ሮበርት ስፒትዘር ነገር ነው።

እኒህ ሰው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ሊቅ ነበሩ። በ1973 የአሜሪካን የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን ከበሽታዎች መዝገብ ሲያወጣ ዋናውን ሥራ ከሠሩት አንዱ ናቸው። (የዓለም የጤና ድርጅትም በ1990 ይህንኑ አደረገ።) ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ «ተለውጠናል» ያሉ 200 ሰዎችን በስልክ ጠይቀው አንዳንድ ሰው ሊለወጥ ይችላል የሚል ጥናት አወጡ። የበሽታውን ስም የፋቀው ሰው እንዲህ ማለቱ ዓለምን አነጋገረ፤ «ለዋጮች» ደስ አላቸው፤ ጥናቱን ይዘው ወላጆችን አሳመኑ። በ2012፣ ዕድሜያቸው ወደ 80 ሲደርስ፣ ስፒትዘር ለዚያው ጽሑፋቸውን ላወጣው መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። ሰዎቹ በስልክ የነገሯቸው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡበት መንገድ እንዳልነበራቸው ገልጸው፣ ጥናታቸውን አምነው ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ለከንቱ ያባከኑትን ሰዎች ይቅርታ ጠየቁ። በ2009 የአሜሪካን የሥነ ልቡና ማኅበር የሾመው ኮሚቴ ጥናቶቹን ሁሉ መርምሮ እንዲህ ያለው ሙከራ የመሳካቱ ነገር የማይመስል፣ የመጉዳቱ ነገር ግን የሚያሠጋ መሆኑን ቀድሞ ጽፎ ነበር። በ2013 ደግሞ «ኤክሶደስ» የተባለው በዚሁ ሥራ የታወቀ የክርስቲያኖች ድርጅት መሪው ይቅርታ ጠይቆ በሩን ዘጋ። እንግዲህ ፈረንጅ ሞክሮ የጣለውን ዕቃ እኛ አሁን አንሥተን «አዲስ መድኃኒት» ብለን ብንይዘው ምን ይባላል?

ሕጉስ? የሚለኝ ይኖራል። ሕጋችን ግልጽ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ አሁን የሚሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረገውን ድርጊት በእስራት ያስቀጣሉ። ይህ ሕግ ይጽና ወይም ይሻሻል ብሎ መከራከር የሕግ ዐዋቂዎችና የሕዝብ እንደራሴዎች ሥራ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም። ነገር ግን ቃሉን አስተውሎ ያነበበ ሰው ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ልብ መሳሳብ አለመሆኑን ያያል። በተሳበ ልብ ላይ የተጻፈ አንቀጽ የለም። ጎረቤትም ሆነ አጎት በተጠረጠረ ልጅ ላይ ዱላ እንዲያነሣ የሚፈቅድ ሕግ በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ መደብደብ በራሱ ወንጀል ነው። እምነትም የራሱ ትምህርት አለው፤ ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሓ የሚነግረንን ሳይንስ ሊሽረው አልመጣም፣ አይችልምም። ሳይንስ የሚናገረው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ «ብትመታው ይለወጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አይለወጥም» ብሎ መልሷል።

በኛ አገር የተለመደው «መድኃኒት» ግን ኤሌክትሪክም መርፌም አይደለም። ሠርግ ነው። «አግብቶ ልጅ ሲወልድ ይተወዋል» ይባላል። ይህን አነጋገር ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ለልጃቸው የሚያዝኑ ናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ ሙሽራይቱ ነው። እርሷ ምን በደለች? የአንድ ሰው ዝንባሌ እንዲሞከርባት የተመረጠች የሰው ልጅ መሆኗን የነገራት አለ ወይ? ባሏ በሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ጉድለቱ የእርሷ እየመሰላት ስንት ዓመት ትኖራለች? እንደዚሁም ልቧ ወደ ወንድ የማይሳብ ሴት ልጅ ተይዛ ስትዳር፣ ዝም ማለቷ እንደ ጨዋነት ይቆጠርላታል፤ አልቅሳ ብትሄድም የሙሽራ ወግ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ልቅሶዋን ከሌላው ሙሽራ ልቅሶ የሚለይ ሰው የለም። በዶክተር ስፒትዘር ጥናት የጠፋው ጊዜና ጉልበት ነው። እዚህ የሚጠፋው የሁለት ሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅ ከተወለደም የሦስት።

ደግሞም ጥያቄ የማንጠይቅ ሕዝብ ብንሆን አንድ ነገር ነበር። በሰሜን ሸዋ ባላገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ይጠነቀቃሉ። በቤተ ሰቡ ውስጥ ክፉ ደዌ እንዳለ በዘዴ ይጠይቃሉ። የመሬቱ፣ የከብቱ፣ የጥሎሹ ነገር በምስክር ፊት ይነገራል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ ልጁ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እርሱን ወደ ጓሮ ወስዶ «አንተስ ልጄ፣ ይህችን ልጅ ትፈልጋታለህ ወይ?» የሚለው ሽማግሌ ገና አልተመረጠም።